የድመት ሉኪሚያ ቫይረስና ክትባቱ፦ ለየትኛዋ ድመት፣ መቼ?

የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ የድመት ዘር የሆኑ እንስሳትን የሚያጠቃ፣ በአብዛኛው በምራቅ አማካኝነት ከአንዷ ድመት ወደ ሌላዋ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በሰውነት ውስጥ አንዴ ሥር ከሰደደ ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። መከላከያ ክትባት ግን ከአርባ ዓመት ገደማ ጀምሮ አለው። ይህ ክትባት የሚጠቅመው ቫይረሱ ላልገባባት ድመት ሲሆን፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልገውም ለግልገሎች ነው። በመሆኑም ድመቱን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚሄድ ሰው የድመቷን ዕድሜ፣ የምትውልበትን አካባቢና የደም ምርመራ ውጤቷን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ክትባቱ ወይ ጊዜው ያልፍበታል፣ ወይ ከንቱ ይሆናል፣ አለዚያም ሳያስፈልግ ይሰጣል።

ከግላስጎው የጀመረ ታሪክ

የቫይረሱ ታሪክ የሚጀምረው በስኮትላንድ ነው። በግላስጎው ከተማ በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩ ድመቶች በሊምፍ ካንሰር ተራ በተራ መታመማቸው የእንስሳት ሐኪሞችን ትኩረት ሳበ። ካንሰር ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል ብሎ የሚያስብ ሐኪም ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ እንስሳት በአንድ ዓይነት ዕጢ መያዛቸው እንዲሁ በአጋጣሚ የሚታለፍ አልነበረም። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት የእንስሳት ሐኪም ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቻቸው የዕጢውን ሕዋሳት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ቫይረስ መሰል ቅንጣቶችን አገኙ። ግኝታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1964 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተሙ።

ቫይረሱ «ሉኪሚያ» የሚል ስም የወጣለት መጀመሪያ የታየው ከካንሰር ጋር ተያይዞ በመሆኑ ነው። ስያሜው ግን በከፊል ያሳስታል። በቫይረሱ ከተያዙት ድመቶች መካከል ካንሰር የሚይዛቸው ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹን ለሞት የሚያበቃቸው የደም ማነስ እና የበሽታ መከላከል አቅማቸው መዳከም ነው። ቫይረሱ የደም ሕዋሳት ወደሚመረቱበት የአጥንት መቅኔ ዘልቆ በመግባት ቀይ የደም ሕዋሳት በበቂ መጠን እንዳይተኩ ያደርጋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ያዳክማል። ያን ጊዜ ጤነኛ ድመት በቀላሉ የምትቋቋመው የአፍ ቁስል፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ የታመመችዋን ለሞት ይዳርጋል።

በዘር ምድቡ ሬትሮቫይረስ ከሚባሉት ወገን ነው። ሬትሮቫይረሶች የራሳቸውን የዘር መረጃ በሚያጠቁት ሕዋስ ዲ ኤን ኤ ውስጥ ይጽፋሉ፤ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥርም የቫይረሱ መረጃ አብሮ ይባዛል። በቫይረሱ የተያዘን ሕዋስ ከቫይረሱ ነጻ ማውጣት ያልተቻለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውን የሚያጠቃው ኤች አይ ቪም ከዚሁ ሰፊ ቤተሰብ ነው። በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የእንስሳት ሐኪም ማክስ ኤሴክስ በድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ላይ ለዓመታት ምርምር ያደረጉ ሰው ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኤድስ ሲከሰት መንስኤው ሬትሮቫይረስ ሊሆን ይችላል ብለው ቀድመው ከጠረጠሩት ተመራማሪዎች መካከል እሳቸው ይገኙበታል። በድመቶች ላይ ያዩት የመከላከል አቅም መዳከም ለዚህ ግምት መንገድ ጠርጓል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ሰውን አያጠቃም። ለዓመታት በተደረገ ክትትል ከድመት ወደ ሰው ተላልፎ በሽታ እንዳመጣ የታወቀ ነገር የለም። ውሻም አይያዝበትም። ከኤች አይ ቪ ጋር በዝምድና መጠራቱ ብቻ የታመመች ድመት ከቤት እንድትባረር ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የወዳጅነት በሽታ

ቫይረሱ በምራቅ፣ በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በሽንት፣ በዐይነ ምድርና በጡት ወተት ውስጥ ይገኛል። ከእነዚህ ዋነኛው ምራቅ ነው። ድመቶች ሲዋደዱ እርስ በርስ ይላላሳሉ፣ ተቃቅፈው ይተኛሉ፣ ከአንድ ዕቃ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ስለዚህ በሽታው ተስማምተው አብረው በሚኖሩ ድመቶች መካከል በቀላሉ ይዛመታል። የእንስሳት ሐኪሞች «የወዳጅ ድመቶች በሽታ» የሚሉትም ለዚህ ነው። ንክሻም ያስተላልፋል፤ በመንገድ ላይ የሚጣሉ ወንድ ድመቶች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ያረገዘች ድመት ደግሞ በማህፀን ላሉት ግልገሎቿ ወይም በወሊድ ጊዜና በማጥባት ልታስተላልፍ ትችላለች። በርካታ ግልገሎችም ሳይወለዱ ወይም እንደተወለዱ ይሞታሉ።

ከሰውነት ውጭ ግን ቫይረሱ ደካማ ነው። በደረቅ ቦታ ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይቆይም፤ ተራ ሳሙናና የቤት ማጽጃ ይገድሉታል። የሌላ ሰው ድመት የዳሰሰ እጅ ወይም ልብስ በሽታውን ወደ ቤት ያመጣል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ቫይረሱ እንዲተላለፍ ድመት ከድመት ጋር በቅርበት መገናኘት ያስፈልጋታል፤ በአብዛኛው ደግሞ ደጋግማ።

ዕድሜ ለምን ወሳኝ ሆነ?

ቫይረሱ ያገኛት ድመት ሁሉ አትታመምም። ሦስት ዓይነት ፍጻሜ አለው። አንዳንዷ የመከላከል አቅሟ ጠንካራ ሆኖ ቫይረሱን ገና በመግቢያው ታስቀረዋለች። ሌላዋ ለጥቂት ሳምንታት ቫይረሱ በደሟ ከተዘዋወረ በኋላ ትገታዋለች፤ የዘር መረጃው በመቅኔዋ ተደብቆ ቢቀርም በአብዛኛው ሌላ ድመት አታስይዝም፣ ሕይወቷንም በጤና ልትኖር ትችላለች። ሦስተኛዋ ግን መግታት ያቅታታል። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ያለማቋረጥ ይባዛል፣ በምራቋም ይወጣል። አስከፊው በሽታ የሚይዘው ይህችኛዋን ነው፤ አብዛኞቹም ከታወቀባቸው በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታሉ።

አንዲት ድመት ከሦስቱ በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ ከሚወስኑት ነገሮች ትልቁ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመ፣ ኤድዋርድ ሁቨርና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ምርምር፣ ቫይረሱ እንደተወለዱ የተሰጣቸው ግልገሎች በሙሉ በዘላቂነት ተይዘዋል። ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ዕድሜ ላይ ከነበሩት 85 ከመቶ ያህሉ ተይዘዋል። አራት ወር ከሞላቸውና ከዚያ በላይ ከሆኑት ግን የተያዙት 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቫይረሱ አንድ፣ መጠኑም ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ በጥቂት ወራት የዕድሜ ልዩነት ውጤቱ ይህን ያህል ተራራቀ።

ስለ ክትባቱ የሚሰጠው ምክር ሁሉ የተመሠረተው በዚህ እውነታ ላይ ነው። አዋቂ ድመት ፈጽማ አትያዝም ማለት ግን አይደለም፤ በቫይረሱ ከተያዘች ድመት ጋር ለወራት አብራ የኖረች አዋቂ ድመት በተደጋጋሚ ንክኪ ልትሸነፍ ትችላለች። ቢሆንም ክትባት ዋጋው ከሁሉ በላይ የሚያመዝነው በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት ነው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ባለቤቶች ድመታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሐኪም የሚወስዱት ይህ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ምርመራ

ክትባቱ ከመሰጠቱ በፊት ድመቷ መመርመር አለባት። ምርመራው ቀላል ነው። ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ በኤላይዛ ዘዴ በሚሠራ ትንሽ መመርመሪያ ላይ ይደረጋል፤ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። መመርመሪያው የሚፈልገው ፒ 27 የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን እንጂ ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል አይደለም። ከዚህ የተነሳ ሁለት ጥቅሞች ይገኛሉ። ግልገል በማንኛውም ዕድሜ ሊመረመር ይችላል፤ ከእናቱ ያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ውጤቱን አያዛባም። ቀደም ሲል የተከተበች ድመትም በክትባቱ ሰበብ በሽታው አለባት ተብላ አትፈረጅም።

ችግሩ ጊዜ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ቫይረሱ የገባባት ድመት ዛሬ ብትመረመር ነጻ ልትባል ትችላለች፤ ፕሮቲኑ በደም ውስጥ ለመታየት አንድ ወር ገደማ ሊወስድበት ይችላል። ከመንገድ የተነሳች ወይም ታሪኳ የማይታወቅ ድመት ከ30 እስከ 60 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና እንድትመረመር የሚመከረው ለዚህ ነው። እስከዚያው ከቤቱ ነባር ድመቶች ተለይታ በሌላ ክፍል፣ በራሷ የምግብና የውሃ ዕቃ ብትቆይ ይበጃል። በተቃራኒው ጤነኛ በምትመስል ድመት ላይ ቫይረሱ አለ የሚል ውጤት ሲመጣም ወዲያው እንደ ፍርድ መቀበል አይገባም። ውጤቱ በሌላ ዓይነት ምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ ከላይ እንደተገለጸው ቫይረሱን በኋላ የምትገታ ድመትም ለጊዜው በምርመራ ልትያዝ ትችላለችና። በአንድ ፈጣን ምርመራ ብቻ ድመትን ማስገደል ከባድ ስህተት ነው።

ሳይመረመሩ መከተብ ምን ጉዳት አለው? በቫይረሱ ለተያዘች ድመት ክትባቱ ፈውስ አያመጣም፤ ጎልቶ የሚጠቀስ ጉዳትም አያደርስባትም። ጉዳቱ ያለው በባለቤቱ አእምሮ ውስጥ ነው። ድመቴ ተከትባለች ብሎ ተዘናግቶ ከሌሎች ድመቶች ጋር ይቀላቅላታል፤ ከወራት በኋላ ስትታመምም ክትባቱ ሳይሠራ ቀረ ወይም ክትባቱ ራሱ አሳመማት ይላል። ክትባት ላይ ያለ እምነት ከሚሸረሸርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ክትባቱና አሰጣጡ

የመጀመሪያው የድመት ሉኪሚያ ክትባት በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በሬትሮቫይረስ ላይ ተሠርቶ ጥቅም ላይ የዋለ የመጀመሪያው ክትባት መሆኑ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስፍራ ይሰጠዋል። ለሰው የሚሆን የኤች አይ ቪ ክትባት ዛሬም አልተገኘም። ልዩነቱ ከሚገለጽባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ብዙ ድመቶች ያለ ማንም እርዳታ ቫይረሱን ማሸነፍ መቻላቸው ነው፤ ክትባቱ ተፈጥሮ ቀድሞ ያሳየችውን መንገድ ተከተለ። ኤች አይ ቪ ግን እንዲህ ያለ በር አልከፈተም።

ዛሬ በጥቅም ላይ ያሉት ክትባቶች በአሠራራቸው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ የተገደለ ሙሉ ቫይረስ ይይዛሉ። ሌሎቹ በላቦራቶሪ የተመረተ የቫይረሱን ፕሮቲን ብቻ የያዙ ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ካናሪ በምትባለው ወፍ ላይ ፈንጣጣ የሚያመጣውን፣ በድመት ውስጥ ሊባዛ የማይችለውን ቫይረስ እንደ ተሸካሚ ይጠቀማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአብዛኛው የክትባቱን ኃይል የሚያጎለብት አድጁቫንት የተባለ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ሲኖራቸው ሦስተኛው የለውም። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ሲነሳ ይፈለጋል።

አሰጣጡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዶዝ ግልገሏ ስምንት ሳምንት ከሞላት በኋላ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ። ሁለተኛው ዶዝ ካልተሰጠ የመጀመሪያው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል ማለት ይቻላል፤ በአንድ መርፌ ብቻ የሚገኘው መከላከያ አስተማማኝ አይደለም። ከሁለተኛው በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት እስኪያልፍ ድመቷን ከማታውቃቸው ድመቶች ጋር አለመቀላቀል ጥንቃቄ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ማጠናከሪያ ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ አኗኗሯ ይወሰናል። ወደ ውጭ የምትወጣ፣ ከሌሎች ድመቶች ጋር የምትጣላ ወይም በቫይረሱ ከተያዘች ድመት ጋር የምትኖር ድመት በየዓመቱ ማጠናከሪያ ያስፈልጋታል። የመጋለጥ ዕድሏ አነስተኛ ለሆነ አዋቂ ድመት በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ መስጠት በቂ ነው የሚል መመሪያ አለ። ከቤት ፈጽሞ የማትወጣ፣ ለብቻዋ የምትኖርና በምርመራ ነጻ የሆነች አዋቂ ድመትን ግን ሐኪሙ ጨርሶ ላይከትባት ይችላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች መመሪያዎች ግልገሎችን ሁሉ ማስከተብን የሚደግፉት ዛሬ በቤት ውስጥ የተወሰነችው ግልገል ነገ የት እንደምትውል ስለማይታወቅ ነው። የግልገል ጠባይ ገና አልታወቀም፤ በር ተከፍቶ ሲገኝ የምትወጣው እሷ ናት።

ክትባቱ ሙሉ ጋሻ አይደለም። የተከተበች ድመት ቫይረሱ ሲያገኛት የዘር መረጃው ወደ ጥቂት ሕዋሳቷ ሊገባ እንደሚችል ምርመራዎች አሳይተዋል። ክትባቱ የሚያደርገው በሽታው ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አስከፊው መንገድ እንዳይሄድ ማገድ ነው። ከሞትና ከመትረፍ አንጻር ሲታይ ግን ባለቤቱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የተከተበችን ድመት በቫይረሱ ከተያዘች ድመት ጋር ሆን ብሎ ማኖር አይመከርም።

የክትባቱ አያያዝም ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያገኘው ወይም በረዶ የሠራ ክትባት በመርፌ ቢሰጥም ከውሃ አይሻልም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባለቤቱ ክትባቱ እንዴት እንደቆየ ቢጠይቅ ሐኪሙን መድፈር አይሆንበትም።

በመርፌው ቦታ የሚወጣ ዕጢ

አብዛኞቹ ድመቶች ከክትባት በኋላ የሚታይባቸው ቢበዛ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የሚቆይ ድካም፣ ቀላል ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና የተወጉበት ቦታ ማበጥ ነው። ፊት ማበጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ግን የአለርጂ ምልክት ነውና ድመቷ ወዲያው ወደ ሐኪም መመለስ አለባት። ይህ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያጋጥማል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግረው ጉዳይ በመርፌ ቦታ ላይ የሚወጣው ሳርኮማ የተባለ አደገኛ ዕጢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ተመራማሪዎች የድመት ክትባት በሚሰጥባቸው የሰውነት ክፍሎች ላይ የሚወጡ ዕጢዎች መጨመራቸውን አስታወቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የድመት ሉኪሚያ ክትባት በተለይ ተጠረጠሩ፤ አድጁቫንቱ የሚያስከትለው የቆየ ብግነት ለዕጢው መነሻ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታሰባል። ከተከተቡ 10,000 ድመቶች መካከል ከአንድ እስከ ጥቂት የሚደርሱት እንደሚያጋጥማቸው ይገመታል። ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ዕጢው ግን ሥሩን በጥልቀት ስለሚሰድ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ለመጨረስ ያስቸግራል።

ይህ ግኝት የክትባት አሰጣጥን ለወጠ። ቀድሞ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ይሰጥ የነበረው መርፌ ወደ እግር ወረደ። በአሜሪካ የተለመደው አሠራር የሉኪሚያውን ክትባት በግራ የኋላ እግር፣ የእብድ ውሻ በሽታውን በቀኝ የኋላ እግር፣ ሁለቱንም በተቻለ መጠን ከጉልበት በታች መስጠት ነው። ምክንያቱ ሲነገር ይከብዳል፤ ዕጢ ከወጣ እግርን ቆርጦ ሕይወትን ማትረፍ ይቻላል፣ ከትከሻ መሐል ግን የሚቆረጥ ነገር የለም። ለባለቤቱ የሚጠቅም ቀላል መለኪያም አለ። በተወጋችበት ቦታ ላይ ያለ እብጠት ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ ስፋቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከክትባቱ አንድ ወር በኋላም እያደገ ከሄደ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ብቻ መታየቱ ይበቃል።

ይህን አደጋ ምክንያት አድርጎ ግልገልን አለማስከተብ ስሌቱን ያዛባል። በቫይረሱ ለመያዝ የተጋለጠች ግልገል ያለባት አደጋ ከዕጢው አደጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከቤት የማትወጣን የአሥር ዓመት ድመት በየዓመቱ መውጋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ጥንቃቄው ተገቢ ይሆናል።

ከቤት ወደ ዱር

የቤት ድመት ቫይረስ በቤት ብቻ አልቀረም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የሚገኘው የፍሎሪዳ ፓንተር ከምድር ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረ፣ ቁጥሩ በዚያን ጊዜ መቶ ገደማ ብቻ የሆነ ትልቅ የዱር ድመት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ባለው ጊዜ አምስት ፓንተሮች በድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ተይዘው ተገኙ። አምስቱም ሞቱ፤ ሦስቱ ከቫይረሱ ጋር በተያያዘ በሽታ፣ ሁለቱ ከሌሎች ፓንተሮች ጋር ባደረጉት ጠብ። የቫይረሱ የዘር ምርመራ ምንጩ የቤት ድመት መሆኑን አመለከተ። ፓንተሮች አልፎ አልፎ ድመት አድነው ይበላሉ። የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ለቤት ድመት በተሠራው ክትባት ፓንተሮቹን በዱር እየያዙ ከተቡ። ሁለተኛውን ዶዝ ለመስጠት ያንኑ እንስሳ በዚያ ረግረጋማ ምድር እንደገና ፈልጎ መያዝ ማለት ስለሆነ ሥራው ምን ያህል አድካሚ እንደነበር መገመት አይከብድም። የወቅቱ ወረርሽኝ ተገታ፤ ሆኖም ቫይረሱ ከዓመታት በኋላ በፓንተሮች ላይ እንደገና ታይቷል።

በስፔንም እ.ኤ.አ. በ2007 በዶኛና ብሔራዊ ፓርክ በሚኖረው አይቤሪያን ሊንክስ ላይ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተከስቶ በርካታ ሊንክሶች ሞተዋል። በዚያም የተያዙት ተለይተው እንዲወጡ፣ ነጻ የሆኑት እንዲከተቡ፣ በአካባቢው ባለቤት አልባ ሆነው የሚዞሩ ድመቶችም ቁጥር እንዲቀንስ ተደርጓል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌና በሌሎች ደጋማ ስፍራዎች ብቻ የሚገኘው፣ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ከውሾች በሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ በተደጋጋሚ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ ቀበሮዎቹ እየተያዙ በመርፌ ተከትበዋል፤ በ2018 ደግሞ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። በሽታው ሌላ፣ እንስሳው ሌላ ቢሆንም አደጋው የመጣበት በር አንድ ነው፤ ያልተከተበ የቤት እንስሳ።

በኢትዮጵያ የትኛው ክትባት ይቀድማል?

በኢትዮጵያ ብዙዋ ድመት የምትኖረው አይጥ ልትይዝ ነው። ሌሊቱን በጣሪያና በአጥር ላይ ታሳልፋለች፣ ከጎረቤት ድመት ጋር ትጣላለች፣ ትወልዳለች፣ ግልገሎቿም ለጎረቤት ይታደላሉ። ለሉኪሚያ ቫይረስ መዛመት የሚያመቸው አኗኗር ይኸው ነው። ያም ሆኖ ቅደም ተከተሉ ግልጽ መሆን አለበት። ለአንዲት ድመት አንድ ክትባት ብቻ ማግኘት የሚቻል ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይቅደም። ይህ በሽታ ድመትን ይይዛል፣ በንክሻና በጭረት ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም ሰውን ይገድላል። ድመት ሦስት ወር ሲሞላት ልትከተብ ትችላለች፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ውሻውን አስከትቦ ድመቷን ይረሳል። የሉኪሚያው ክትባት የድመቷን ሕይወት የሚጠብቅ ሲሆን የእብድ ውሻው የቤተሰቡንም ይጠብቃል።

የሉኪሚያውን ክትባት የሚፈልግ ባለቤት በአቅራቢያው የሚገኝ መሆኑን የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቅ። ክትባቱ ባይገኝም ከመከላከል የሚያግድ ነገር የለም። ወንዱን ማኮላሸት፣ ሴቷን ማምከን ጠብንና መባዘንን ይቀንሳል። አዲስ የመጣችን ድመት ለይቶ ማቆየት፣ ቢቻል ማስመርመር፣ የምግብ ዕቃዎችን መለየት ገንዘብ የማይጠይቅ ወይም ጥቂት የሚጠይቅ ጥንቃቄ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከእንስሳት መጠለያ ድመት ሲወስዱ የምርመራ ውጤቷንና የክትባት ካርዷን ጠይቀው ቢቀበሉ፣ ሁለተኛው ዶዝ መሰጠቱንም በቀኑ ቢያረጋግጡ ይጠቀማሉ። ድመት ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚጓዝ ሰው ግዴታ የሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው፤ የሉኪሚያው የባለቤቱ ምርጫ ነው።

በቫይረሱ የተያዘች ድመት

የበሽታው ምልክቶች ለብቻቸው ምንነቱን አይናገሩም። የድድ መገርጣት፣ ክብደት መቀነስ፣ የጸጉር መጎሳቆል፣ የማይድን የአፍ ቁስል፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የንፍፊት ማበጥ፣ ጽንስ ማስወረድ በሌሎች በሽታዎችም ይመጣሉ። ምርመራው ብቻ ይለያቸዋል።

በቫይረሱ መያዟ የተረጋገጠ ድመት ወዲያው የምትሞት አይደለችም፤ ጥሩ እንክብካቤ ያገኘች ድመት ዓመታት ልትኖር ትችላለች። ከቤት አትውጣ፤ ይህ ለእሷም ከሌላ በሽታ፣ ለሌሎችም ከእሷ መጠበቂያ ነው። ትመክን። ጥሬ ሥጋ አይሰጣት፤ ደካማው ሰውነቷ በሥጋው ውስጥ ያለውን ተሕዋስ አይቋቋምምና። በየስድስት ወሩ ሐኪም ይያት፣ ክብደቷ ይመዘን፣ ደሟ ይመርመር። ለኤች አይ ቪ ሕክምና የሚውለው ዚዶቩዲን የተባለ መድኃኒት ለአንዳንድ ድመቶች በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን የደም ማነስን ሊያባብስ ስለሚችል በቅርብ ክትትል መሆን አለበት። አብረዋት የነበሩ ድመቶች ሁሉ ይመርመሩ፤ ነጻ የሆኑት ተለይተው ይከተቡ። የምትሞትበት ጊዜ ሲደርስም ቤቱን ለወራት ዘግቶ መጠበቅ አያስፈልግም። ዕቃዎቿን በሳሙና ማጠብ፣ ወለሉን ማጽዳትና ጥቂት ቀናት መቆየት ይበቃል፤ ቀጥላ የምትመጣው ግልገል ግን ተመርምራ፣ ሁለቱን ዶዝ ተከትባ ትግባ።